ለቤት አኳሪየም አልጌ የሚበላ ቀንድ አውጣ እንዴት ይመረጣል? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩ ዓሣ ወዳጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የአኳሪየሙ መስታወት አልጌ በሚባለው አረንጓዴ ሽፋን ሲለብስ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቀንድ አውጣ መግዛትን ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ቀንድ አውጣው የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ የአልጌው ዓይነት፣ አልጌውን ያመጣው ምክንያትና የውሃው ጠባይ መታወቅ አለባቸው። አቃቂ ላይ ተመችቶት የሚኖር ቀንድ አውጣ ለገጣፎ ላይ ዛጎሉ ሊሳሳ፣ ሱሉልታ ላይ ደግሞ በብርድ ሊሞት ይችላል። ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቀው ግን ቀንድ አውጣው ከየት እንደሚመጣ ነው፤ በአገራችን ይህ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ስለሆነ በአምስተኛው ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ደረጃ 1፦ አልጌውን በጣት ፈትኑ

መስታወቱን ከውስጥ በኩል በንጹሕ ጣት አንድ ጊዜ አብሱ። ቡናማ ሆኖ ወዲያው ከለቀቀ ዲያቶም የሚባለው ቡናማ አልጌ ነው። ዲያቶም አዲስ በተሞላ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጣል፤ ገንዳው ሲረጋ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ገና ወር ያልሞላው ገንዳ ቡናማ ሆነ ብላችሁ ቀንድ አውጣ አትግዙ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ከዓሣ ቆሻሻ የሚከማቸው አሞኒያ የሚባል መርዝ ቶሎ ይገድለዋል።

ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከሆነና በጣት ከተጠረገ የትኛውም አልጌ በል ቀንድ አውጣ ይበላዋል። መስታወቱ ላይ ክብ ክብ ሆነው የተጣበቁ፣ በጣት የማይለቁና ምላጭ የሚጠይቁ ነጠብጣቦች ከሆኑ ግን የሚደፍራቸው ኔራይት የሚባለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ቀንድ አውጣ የማይፈታቸው ችግሮችም አሉ። ረጃጅም ክር የሚመስለውን አልጌ በጥርስ ብሩሽ ጠቅልላችሁ ራሳችሁ ማውጣት አለባችሁ። ቅጠል ጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚበቅለውን ጥቁር አልጌ ቀንድ አውጣ አይነካውም። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ጠጠሩን የሚያለብሰውና የሚሸተው ንጣፍ ከነጭራሹ አልጌ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው፤ የሚበላውም የለም። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊ አልጌ ስለሆነ መስታወት ላይ የሚልስ እንስሳ ሊያገኘው አይችልም። ለዚህኛው መብራቱን ለሦስት ቀን ማጥፋት፣ ገንዳውን በጨርቅ መሸፈንና ከዚያ ውሃውን በከፊል መቀየር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ምክንያቱን ቀንሱ

አልጌ የሚኖረው በብርሃንና በተረፈ ምግብ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያሉ በመሆናቸው ፀሐዩ ጠንካራ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በክረምት ምንም ያልነበረበት ገንዳ በደቡብ በኩል መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ በኅዳር አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዳውን ከመስኮቱ አርቁ፤ ካልተቻለም ጀርባውን በወፍራም ወረቀት ሸፍኑ። የገንዳው መብራት በቀን በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ብቻ ይብራ። በሰዓቱ የሚያጠፋ ሶኬት ከተገኘ ደግሞ ይህን ከማስታወስ ያሳርፋችኋል።

ምግቡ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉት ያህል ብቻ ይሁን። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀይሩ። ቀንድ አውጣው ከመምጣቱ በፊትም መስታወቱን በእጃችሁ ፍቃችሁ አጽዱ። ቀንድ አውጣ የጸዳ ገንዳ ተመልሶ አልጌ እንዳይለብስ ይጠብቃል እንጂ ለወራት የተከማቸን አልጌ አንሥቶ አይጨርስም።

ደረጃ 3፦ ውሃችሁን እወቁ

የቀንድ አውጣ ዛጎል የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃው ለስላሳ ወይም አሲዳም ከሆነ ዛጎሉ ቀስ በቀስ ይሟሟል። መጀመሪያ ጫፉ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ይቦረቦራል። ይህ እንስሳው በሕይወት እያለ የሚደርስበት ጉዳት ነው፤ ብዙ ሰው «ዕድሜው ደርሶ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የአዲስ አበባ ውሃ ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ማዕድኑ አነስተኛ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከዚያ ይልቅ ማዕድን አለው። አንዳንድ ሰፈር ሁለቱም በየተራ ሊደርሱት ስለሚችሉ የእናንተን ውሃ ራሳችሁ ብትፈትኑት ይመረጣል። ቀላሉ ፍንጭ የሻይ ማንቆርቆሪያው ነው፤ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃችሁ ካልሲየም አለው። አስተማማኙ ግን የመመርመሪያ ወረቀት ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በታች እንዳይወርድ፣ አጠቃላይ ጥንካሬው (የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠኑ) በሊትር 100 ሚሊ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ፈልጉ። አሞኒያና ከእርሱ የሚመጣው ሌላው መርዝ ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ካልሆኑ ገንዳው ገና አልደረሰም።

ውሃው ለስላሳ ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው። እብነ በረድ ከሚቆርጡ ሠራተኞች ያልተወለወለ ስብርባሪ ለምኑ። ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ያለው ነው፣ ይጠቅማል፤ ካላወጣ ግራናይት ወይም ሌላ ድንጋይ ስለሆነ ተዉት። ኮምጣጤውን በደንብ አጥባችሁ አንድ እፍኝ ያህሉን ማጣሪያው ውስጥ ወይም ጠጠሩ ላይ አድርጉ። ተቀቅሎ የውስጥ ሽፋኑ የተላጠና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሟሟ ነው። ለወፍ የሚሸጠው ነጭ የኩትልፊሽ አጥንትም ጥሩ ነው።

ሙቀቱን ሳታውቁ ዓይነት አትምረጡ። ቴርሞሜትሩን ተመልከቱ፤ ማየት ያለባችሁ ግን እኩለ ቀን ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ማሞቂያ የሌለው ገንዳ በእነዚያ ሌሊቶች ከ20 ዲግሪ በታች በቀላሉ ይወርዳል፤ ከእንጦጦ ማዶ ባለው ሱሉልታ ደግሞ የበለጠ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክዳን በሌለው ባልዲ ለ24 ሰዓት አሳድሩት፤ ወይም ክሎሪን ማስወገጃ ጨምሩበት። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ የቀነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሮቶው የተዘጋ በመሆኑ ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ መድኃኒት የተደረገበት ገንዳ ካለ ውሃውንና ማጣሪያውን ቀይሩ።

ደረጃ 4፦ ዓይነቱን ምረጡ

እስካሁን የሰበሰባችሁት መረጃ ምርጫውን ራሱ ይነግራችኋል።

ኔራይት ከሁሉም የተሻለው አልጌ በል ነው፤ ማሞቂያ ላለው ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ እርሱ ነው። መጠኑ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የተክል ቅጠል አይበላም፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ አይራባም፤ እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ይፈልጋሉና። ማታ ባትሪ ይዛችሁ መስታወቱን ከውጭ ተመልከቱ፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት ምላሱ መስታወቱን ሲፍቅ ይታያል። ከኋላው የሚተወው መንገድ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥርት ያለ መስመር ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ነጭ እንቁላሎችን ድንጋይና መስታወት ላይ መለጠፉ ነው። አይፈለፈሉም፤ ግን በምላጭ ካልተፋቁ አይለቁም። ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማዋል። የሚተነፍሰው በስንጥብ ስለሆነ በውሃው ውስጥ በተሟሟ ኦክስጅን ላይ ይደገፋል። በእኛ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ መብራት ሲጠፋ ማጣሪያውም ይቆማል። ኔራይት የሚይዝ ሰው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ሚስትሪ የሚባለው ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም አለው፤ ልጆች በጣም ይወዱታል። ስንጥብም ሳንባም ስላለው ረጅም ቱቦውን ወደ ውሃው ወለል ዘርግቶ አየር ይስባል፤ በዚህ ምክንያት መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከኔራይት ይልቅ ይችላል። ለስላሳ አልጌና የተረፈ ምግብ ይበላል፤ ጠንካራውን ነጠብጣብ ግን አይነቅልም። ብዙ ስለሚበላ ብዙ ያቆሽሻል። እንቁላሉን የሚጥለው ከውሃው በላይ ስለሆነ መቆጣጠር ቀላል ነው።

ራምስሆርን ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ ዛጎል ያለው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ብርድን ከሁለቱ የበለጠ ይችላል፤ ማሞቂያ ለሌለው ገንዳ የሚሆነው እርሱ ነው። ለስላሳ አልጌና የሞተ ቅጠል ይበላል። ወንድና ሴት በአንድ አካል ላይ ስለሆነ አንድ ብቻውን እንኳ ሊራባ ይችላል፤ ቅጠል ሥር የሚለጥፈውን ዝልግልግ የእንቁላል ከረጢት በየሳምንቱ ካላነሣችሁ ገንዳው ይሞላል። በብዛት የሚራባው ብዙ ምግብ በሚጣልበት ገንዳ ነውና ቁጥሩ ሲያሻቅብ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ማሌዢያን ትራምፔት የሚባለው ሾጣጣው ቀንድ አውጣ ቀን ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ማታ ይወጣል። ጠጠሩን ማገላበጡ ይጠቅማል፤ ለመስታወት አልጌ ግን አይመረጥም። አሳሲን የሚባለው ባለ ቢጫና ጥቁር መስመር ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን ነው የሚበላው፤ ለአልጌ ብላችሁ እንዳትገዙት።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ለ20 ሊትር ውሃ አንድ ኔራይት፣ ለ40 ሊትር አንድ ሚስትሪ ከበቂ በላይ ነው። በግማሹ ጀምሩ። አልጌ ሲያልቅ የሚራበው ቀንድ አውጣው ነው።

ዓሦቹንም ቁጠሩ። ጉፒና ሞሊ ችግር የለባቸውም። ጎልድፊሽ ትንንሽ ራምስሆርኖችን ይውጣል፤ የትልቆቹንም ቀንድ ይነክሳል። ቤታ አንዳንዱ ሰላማዊ ነው፣ አንዳንዱ ቀንዳቸውን ነክሶ ያስጨንቃቸዋል። ቆሮሶና ሌሎች ትልልቅ የሲክሊድ ዝርያዎች ባሉበት ገንዳ ቀንድ አውጣ አታስገቡ።

ደረጃ 5፦ ከወንዝና ከሐይቅ ፈጽሞ አታምጡ

ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ለመዝናናት ወርዶ ዳር ላይ ያገኘውን ቀንድ አውጣ በጠርሙስ ይዞ መመለስ የሚፈትን ነገር ነው። ልጆች በተለይ ይህን ማድረግ ይወዳሉ። እባካችሁ አታድርጉት።

በትል የሚመጣውን የአንጀት ቢልሃርዚያ በሽታ የሚያስተላልፈው ቢኦምፋላሪያ የሚባለው ቀንድ አውጣ የራምስሆርን የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ እርሱ ጠፍጣፋና የተጠቀለለ በመሆኑ በዓይን መለየት ያስቸግራል። በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ሐይቆች ዳርቻ እንዲሁም በብዙ ወንዞችና የመስኖ ቦዮች ይኖራል። የሽንት ቱቦ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቡሊነስ ደግሞ በአዋሽ መካከለኛና የታችኛው ሸለቆ ይታወቃል። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ውሃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፤ እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያ ሌላ ዓይነት እጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣና የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። እንዲህ ያለ ቀንድ አውጣ ገንዳችሁ ውስጥ ካለ መስታወት ለማጽዳት እጁን የሚያስገባ ሁሉ ለበሽታው ይጋለጣል። አንድ ቀንድ አውጣ ለሳምንታት እጭ መልቀቅ ይችላል።

በከተማው ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ረግረጎች ከብትና በግ በሚሰማሩበት ስፍራ የሚገኙትን ሾጣጣ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችም አትንኩ፤ ከእነርሱ መካከል የጉበት ትልን ለከብት የሚያስተላልፉ አሉ። የአቃቂ ወንዝማ ከተማው ያወረደውን ቆሻሻ ሁሉ የሚሸከም ወንዝ ነው፤ ከዚያ ድንጋይም፣ ተክልም፣ ቀንድ አውጣም አይወሰድም።

መልካሙ ዜና ቀንድ አውጣ ይህን ተውሳክ ይዞ የማይወለድ መሆኑ ነው። ከአኳሪየም ወደ አኳሪየም በትውልድ የተራባ ራምስሆርን ከዚህ ነጻ ነው። ስለዚህ ሻጩን በግልጽ ጠይቁ፤ «እዚሁ የተራቡ ናቸው ወይስ ከውጭ ውሃ የተሰበሰቡ?» ትንንሾቹንና እንቁላሎቹን እዚያው ገንዳ ውስጥ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። መልሱ ካላረካችሁ ራምስሆርንን ተዉትና ሚስትሪ ውሰዱ።

ቢልሃርዚያን ሲያነሡ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን አለማንሣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መንሳፈፋቸውን አስተውለው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። እንዶድ ውስጥ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን ቀንድ አውጣንም ዓሣንም ይገድላል። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እንዶድም ሆነ ሳሙና የነካው ባልዲና ጨርቅ ወደ አኳሪየም አይጠጋም።

ደረጃ 6፦ ሻጩ ዘንድ

ጤናማ ቀንድ አውጣ መስታወት ላይ ተጣብቋል ወይም ይንቀሳቀሳል። ዛጎሉ ያልተቦረቦረ፣ ጫፉ ያልነጣ፣ ከንፈሩ ያልተሰበረ መሆኑን በብርሃን አዩት። ኔራይትና ሚስትሪ አፋቸው ላይ ጠንካራ መዝጊያ አላቸው፤ ሲነኩ አጥብቀው ይዘጉታል። መዝጊያው ላልቶ የሚንጠለጠል ወይም የሚሸት ከሆነ ሞቷል ወይም ሊሞት ነው። ራምስሆርን መዝጊያ የለውም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ይህን አትፈልጉ።

ሚስትሪ ስትገዙ የቅርብ ዘመዱ የሆነውን ተክል አጥፊ አፕል ስኔይል እንዳትወስዱ ተጠንቀቁ። የዛጎሉን ጥምዝ ከላይ ተመልከቱ፤ በጥምዞቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ጥልቅ ቦይ ከሠራ ተዉት፤ በሚስትሪ ላይ መጋጠሚያው ጥልቀት የለውም፣ የጥምዙም ትከሻ ጠፍጣፋ ነው። እንቁላሉም ይለያል፤ የአጥፊው ደማቅ ሮዝ ነው፣ የሚስትሪ የደበዘዘ። ይህ ተክል አጥፊ ዘር ኬንያ ውስጥ ምዌያ በሚባለው የሩዝ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2020 ተገኝቷል፤ ወደ እኛ ወንዞች እንዳይገባ የምንጠነቀቀው እኛው ነን።

ደረጃ 7፦ ወደ ገንዳው ማስገባት

ለሁለት ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻው አቆዩት፤ ተክል ከገዛችሁም እንዲሁ። ተክሉን አንድ እጅ በረኪና በሃያ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል መንከርና ክሎሪን በሌለው ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ የተለጠፉ ቀንድ አውጣዎችን ያስወግዳል፤ ቅጠሉ ስስ ለሆነ ተክል ግን ይከብዳል።

ለማላመድ የአየር ቱቦ ቋጥራችሁ የገንዳውን ውሃ በጠብታ ወደ ዕቃው ልቀቁ። ውሃው ሦስት እጥፍ እስኪሆን ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኔራይት የውሃ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የሻጩን ውሃ ወደ ገንዳችሁ አትጨምሩ። ኔራይቱን ድንጋይ ላይ በሆዱ አስቀምጡት፤ በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ ራሱን መገልበጥ ያቅተዋል። የመጀመሪያው ቀን ባይንቀሳቀስ አትደንግጡ፤ በሦስተኛው ቀን ዝም ካለ አውጥታችሁ አሽትቱት።

ገንዳው ክዳን ይኑረው፤ ኔራይትም ሚስትሪም ወጥተው መሬት ላይ ይደርቃሉ። ለሚስትሪ በውሃውና በክዳኑ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ቤት ውስጥ የትንኝ መግደያ ስትረጩ ገንዳውን በደንብ ሸፍኑ፤ የአየር ፓምፑንም አጥፉ።

ደረጃ 8፦ ከዚያ በኋላ

መስታወቱ ጸድቶ አልጌ ካጣ መግቡት። ለሁለት ደቂቃ የተቀቀለ ጎመን፣ ዝኩኒ ወይም ኪያር ይወዳል፤ ጎመን ካልሲየምም አለው። አትክልቱን በደንብ እጠቡ፤ የተረፈውን በማግሥቱ አውጡ። ኔራይት አንዳንዴ አትክልቱን አይነካም፤ ለእርሱ አንድ ሁለት ድንጋይ ፀሐይ በሚያገኝ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አልጌ ሲለብሱ በየተራ አቅርቡለት።

በየወሩ የዛጎሉን ከንፈር ተመልከቱ። አዲስ የበቀለው ጠርዝ ከአሮጌው ጋር እኩል ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ውሃው ተስማምቶታል። ስስና የተሸነሸነ ከሆነ ካልሲየም ጎድሎታል፤ እብነ በረዱን ጨምሩ። አሮጌው ቁስል አይድንም፤ መታየት ያለበት አዲሱ ጠርዝ ነው።

የማትፈልጉትን እንቁላልና የተረፈ ቀንድ አውጣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አትጣሉ። እንቁላሉን ጨፍልቁት፤ ቀንድ አውጣውን በላስቲክ አድርጋችሁ ለአንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አኑሩትና ቅበሩት። የሚፈልግ ጎረቤት ካለ ከመስጠት የሚሻል የለም፤ ስትሰጡ ግን ዓይነቱንና የኖረበትን ሙቀት ንገሩት። የቀየራችሁትን ውሃ ደግሞ የግቢያችሁ ጽጌረዳ ወይም የሎሚ ዛፍ ሥር አፍስሱት፤ ውስጡ ያለው ናይትሬት ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል ቢኖርበትም ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል።